ሊምፎሳይት (አንዱ የነጭ ደም ሴል ዓይነት) በምን ያህል ፍጥነት እየጨመረ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?
ሲ.ኤል.ኤል. (ሊምፎሳይት ከመጠን በላይ የሚበዛበት የደም ካንሰር) ያለባቸው አባትሽ ነጭ የደም ሴላቸው በ2 ወር ከ12,000 ወደ 18,000 ወጣ ብለሻል። አይዞሽ፣ ሁለት ውጤት ብቻ ይዞ ፍጥነት መለካት ይከብዳል። መጀመሪያ ጠቅላላውን የነጭ ደም ሴል ቁጥር ተዪና የሊምፎሳይቱን ቁጥር ለይተሽ እዪ። ሐኪሞች በየ2 ሳምንቱ ለ2 ወይም 3 ወር ያስቆጥሩና እጥፍ ለመሆን ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ያሰላሉ። ከ6 ወር በታች ከሆነ ፈጣን ነው። በ2 ወር 50 በመቶና ከዚያ በላይ መጨመርም እንደዚያው። ግን እንደ አባትሽ መነሻው ከ30,000 በታች ሲሆን ይህ ብቻውን ሕክምና አያስጀምርም። ኢንፌክሽንም ሆነ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የስቴሮይድ መድኃኒት ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሰሞኑን ጉንፋን ነገር ይዟቸው ነበር? ሄሞግሎቢናቸውና (በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ፕላትሌታቸውስ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) እንዴት ነው? እኔ ብሆን ከነጩ ይልቅ ቶሎ የማየው እነሱን ነው።