የትንሽ ከተማ መርማሪ ለምትጽፉ ልጆቼ

ልጆቼ፣ የሰጣችሁኝን የልብወለድ ረቂቆች ሁሉንም አነበብኳቸው፣ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ወንጀል ምርመራ ላይ የሰራሁ ሰው ስለሆንኩ አንድ ነገር ከነከነኝ። የሁላችሁም መርማሪ ትንሽ ከተማ ውስጥ ይሰራል ግን ከተማውን አያውቀውም። ሬሳ ይገኛል፣ ላብራቶሪ ይላካል፣ ውጤት ይመጣል፣ ገዳዩ ይያዛል፣ በቃ።

ትንሽ ከተማ ላይ እኮ መርማሪው ቃል የሚቀበለው አብሮት ከተማረ ሰው ነው፣ ካሳደገው ጎረቤት ነው። እኔ አንዴ ከልጅነቴ የማውቃቸው እናት ቤት ቃል ልቀበል ገባሁ፣ ልጃቸው ጠዋት የጠጣበትን ብርጭቆ ይዘው ቁጭ ብለዋል፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው እያዞሩ ይጠርጉታል፣ እኔ ደሞ እስክሪብቶዬን ይዤ "ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው" የሚለው ጥያቄ አልወጣ አለኝ። ስማቸውን እንኳን ሳልጽፍ ብዙ ቆየሁ። አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል እኮ ይሄ!

ሳይንሱን ተዉት አላልኩም። እንግሊዝ ውስጥ ሌስተርሻየር፣ ናርቦሮ የምትባል መንደር አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1986 ሁለት የ15 ዓመት ሴት ልጆች ተገደሉ። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ሁለተኛዋን እኔ ነኝ የገደልኳት ብሎ አመነ። የሌስተር ዩኒቨርሲቲው ሳይንቲስት አሌክ ጄፍሪስ የልጁን ዲኤንኤ ከሟቾቹ ላይ ከተገኘው ጋር ሲያስተያየው ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው ነው፣ ያመነው ልጅ ግን አይደለም። (መጽሐፋችሁን በእምነት ቃል ብቻ አትዝጉ የምላችሁ ለዚ ነው፣ የደከመውና የፈራ ልጅ ያላረገውንም ያምናል።) ከዛ ፖሊስ ከአካባቢው ወንዶች ወደ 5,000 ናሙና ሰበሰበ፣ ገዳዩ አልተገኘም፣ ለካ የስራ ባልደረባውን ለምኖ በሱ ስም ደም እንዲሰጥለት አርጎ ነበር። ገዳዩ በ1987 የተያዘው ያ ባልደረባው ይሄንኑ መጠጥ ቤት ውስጥ ሲያወራ የሰማች አብራቸው የምትሰራ ሴት ቆይታ ለፖሊስ ስለተናገረች ነው። ሰምታ እስክትናገር ድረስ እንዴት ነበር የምታድረው? ስራ ቦታ ስትገባ ማንን ነበር የምታየው? ልብወለድ የምፈልገው እዛ ውስጥ ነው፣ ላብራቶሪው አንድ ገጽ ይበቃዋል።

ሌላው ትንሽ ነገር፣ ሐኪሙ ሬሳውን ነካ አርጎ "የሞተው ማታ 3 ሰዓት ከ20 ነው" አይልም። ሬሳ በሰዓታት ውስጥ መድረቅ ይጀምራል፣ ከሞተ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ሲሞላው ሙሉ ለሙሉ ይደርቃል፣ ቆይቶ ደሞ ይላላል፣ ብርድና ሙቀት ሁሉን ይቀያይረዋል፣ ስለዚ ሐኪም ከዚ እስከዚ ባለው ሰዓት ነው የሚለው፣ መርማሪውም በዛ መሀል ማን የት ነበር እያለ ነው የሚንከራተተው።

አንዳችሁ ረቂቅ ላይ ምዕራፍ 7 ውስጥ አንዲት ጎረቤት መስኮቷ ላይ ቆማ ሁሉንም አይታ መጋረጃውን ትዘጋለች፣ ከዛ በኋላ የለችም። እባክህ ልጄ፣ ተመለስባት፣ እኔ እሷን ነው ማንበብ የፈለኩት።