ጴጥሮስ ተፈታ፣ ያዕቆብስ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ዙር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከሐዋርያት ሥራ ጋር የተያያዙ ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። አንዱ ላይ የነበረውን ስድብም ቆርጬ አውጥቼዋለሁ፤ ላኪው ራሱን ያውቃል።

አንድ ወጣት ስብከት ሲረዝም እንቅልፍ እንደሚጥለው ጽፎ፣ “ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?” ይላል።

አይሆንብህም። ጢሮአዳ ውስጥ ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት ሲናገር መስኮት ላይ የተቀመጠ አውጤኪስ የሚባል ጎልማሳ እንቅልፍ አሸንፎት ከሦስተኛ ፎቅ ወድቋል። ለምን ተኛህ ብሎ የገሠጸው የለም። ጳውሎስ ወርዶ አቀፈው፣ “ነፍሱ አለችበት” አላቸው፣ ከዚያ ተመልሶ ወጥቶ እስኪነጋ ድረስ ንግግሩን ቀጠለ። አንተ ብቻ መስኮት ላይ አትቀመጥ።

ሌላው አንባቢያችን ሁለት የሥራ ዕድል በአንድ ሳምንት መጥቶለታል። ጸልዮ፣ ሁለት ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን አነሣ። አላስደሰተውም። ደግሞ አነሣ። “ሐዋርያትም እኮ በይሁዳ ቦታ ማትያስን የመረጡት በዕጣ ነው። ስንት ጊዜ ማንሣት ይፈቀዳል?” ብሎ ጠይቋል።

ወንድሜ፣ ሁለተኛውን ወረቀት ያነሣህ ጊዜ መልሱን አግኝተሃል። የመጀመሪያውን ሥራ አልፈለግኸውም ማለት ነው።

የማትያስን ታሪክ ግን ከዕጣው ከፍ ብለህ አንብበው። መቶ ሃያ ያህል ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ጴጥሮስ መመዘኛውን ተናገረ፦ ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ ጌታ እስካረገበት ቀን ድረስ አብሯቸው የነበረ ሰው መሆን አለበት። በዚህ ሚዛን ሁለት ሰዎች ቀረቡ። ጸለዩ። ዕጣው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ሁለቱም ለቦታው ከሚበቁ ሰዎች መካከል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ ሐዋርያት ዕጣ ሲጥሉ አናይም። ምዕራፍ 16 ላይ ጳውሎስና ጓደኞቹ በእስያ እንዳይሰብኩ ተከለከሉ፤ ወደ ቢታንያ ሊገቡ ሞከሩ፣ እሱም አልሆነም። ጢሮአዳ ደርሰው ጳውሎስ የመቄዶንያውን ሰው በራእይ ካየ በኋላ እንኳ ውሳኔው የተጻፈው “እኛ” በሚል ነው። ራእዩን ያየው አንድ ሰው ነው፤ ወደዚያ እንሂድ ያሉት ግን አብረው ነው።

ስለዚህ ወረቀቶቹን ጣላቸውና ከሚያውቁህ ሁለት ሦስት ሰዎች ጋር ቁጭ በል። ደመወዙን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ አለቃህ የሚሆነውን ሰው፣ ቤተሰብህ ምን እንደሚል አንሡ። ይህም ከጸሎት አይጎድልም።

አንድ የመዘምራን አስተባባሪ ደግሞ ከሥራ ባልደረባው ጋር ተኳርፏል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ልጅ በትልቅ ዝግጅት ዋዜማ ጥሏቸው ሄደ። አሁን ልመለስ ይላል። አንዱ “ይመለስ”፣ ሌላው “በፍጹም” ብለዋል።

የጳውሎስና የበርናባስ ጠብ ቃል በቃል ይኸው ነው። ማርቆስ የተባለው ዮሐንስ በጵንፍልያ ትቷቸው ተመለሰ። በሚቀጥለው ጉዞ በርናባስ “ይዘነው እንሂድ” አለ፣ ጳውሎስ እምቢ አለ። ተለያዩ። በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ፣ ጳውሎስ ሲላስን ይዞ ወደ ሶርያና ኪልቅያ። የሐዋርያት ሥራን የጻፈው ሉቃስ ማን ልክ እንደነበረ አይነግረንም። እኔ በበኩሌ ወደ በርናባስ አደላለሁ፤ ጳውሎስን ራሱን ሁሉም ሲፈራው እጁን ይዞ ወደ ሐዋርያት ያቀረበው እሱ ነበርና። ጳውሎስም ኋላ “ማርቆስ ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና ይዘኸው ና” ብሎ ለጢሞቴዎስ ጽፏል። ልጁን መልሱት፣ ግን ከትንሽ ኃላፊነት ይጀምር። በጋራ ስለምታንቀሳቅሱት የባንክ ሒሳብ ያነሣኸውን የሒሳብ ባለሙያ ጠይቅ፤ የእኔ ሙያ አይደለም።

የሚቀጥለው ደብዳቤ ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። የጻፈችው እህት ታላቅ እህቷን በካንሰር አጥታለች። ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ጉባኤው ሁሉ ጾሞ ጸልዮ ነበር። ከቀብር በኋላ አንዲት ሴት ቀረብ ብላ፣ “ጴጥሮስ እኮ በጸሎት ከወኅኒ ወጥቷል። የእናንተ እምነት ጎድሎ ነው” አለቻት። “ከሞቷ ይልቅ ይህች ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። እውነቷን ነው?” ትላለች።

እውነቷን አይደለም፣ እህቴ። ያችን ሴት ባገኛት የምጠይቃት የጠቀሰችውን ምዕራፍ ከመጀመሪያው እንድታነብልኝ ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 የሚጀምረው በጴጥሮስ አይደለም። በያዕቆብ ነው። ንጉሡ ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው። ያለችው ይህች አንዲት መስመር ብቻ ናት። ያዕቆብ ተራ ሰው አልነበረም። የኢያኢሮስ ልጅ ስትነሣ ቤት ውስጥ ነበረ። በተራራው ላይ ጌታ መልኩ ሲለወጥ አይቷል። በጌቴሴማኒም ከሦስቱ አንዱ ነበር። ከዚያ ጴጥሮስ ተያዘ፤ አሥራ ስድስት ወታደሮች በየተራ እንዲጠብቁት ተደረገ፤ በሌሊት መልአክ መጥቶ አወጣው። ያው ንጉሥ፣ ያችው ቤተ ክርስቲያን፣ ያው ምዕራፍ። አንዱ ሞተ፣ አንዱ ወጣ። ሉቃስ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ምክንያት አይሰጥም። እሱ ያልሰጠውን ምክንያት ለቀስተኛ ጆሮ ላይ የሚያንሾካሹክ ሰው ድፍረቱን ከየት እንደሚያመጣው አይገባኝም።

“ለያዕቆብ ስላልጸለዩለት ነው” የሚሉም አሉ። ጽሑፉ እንዲህ አይልም።

እሺ፣ የእምነት መጠን ነው እንበል። ታዲያ ለጴጥሮስ ይጸልዩ የነበሩትን ሰዎች እንያቸው። በማርቆስ እናት በማርያም ቤት ተሰብስበዋል። ጴጥሮስ መጥቶ ደጁን አንኳኳ። ሮዴ የምትባል ልጅ ድምፁን ለየችው፤ ከደስታዋ የተነሣ በሩን ሳትከፍት ወደ ውስጥ ሮጠች። “ጴጥሮስ ደጅ ቆሟል!” አለቻቸው። ምን አሏት? “አብደሻል።” እሷ እንደዚያ ነው ብላ ስትጸና፣ “መልአኩ ነው” አሉ። ሰውየው ውጭ ቆሞ ያንኳኳል። ጸሎታቸው ተመልሶ በር ላይ ቆሞ ሳለ ያላመኑት የጸለዩት ራሳቸው ናቸው! መልስ የሚለካው በእምነት ሚዛን ቢሆን ኖሮ ጴጥሮስ እዚያው ወኅኒ ውስጥ በቀረ ነበር።

ሌላም ልጨምርልሽ። ጳውሎስ በመላጥያ ደሴት የአለቃውን አባት፣ በንዳድና በተቅማጥ የታመመውን፣ ጸልዮ እጁን ጭኖ ፈውሶታል። ያው ጳውሎስ “ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ተውሁት” ብሎ ጽፏል። ሥጋውን ያሠቃየው ስለነበረው የራሱ መውጊያም ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተወሰደለትም። ጳውሎስን እምነት ጎደለው የሚል ካለ ይምጣና ይንገረን።

አልቅሺ ደግሞ። “አማኝ አያለቅስም” ብለውሽ እንዳይሆን። እስጢፋኖስን የቀበሩት ደጋግ ሰዎች ታላቅ ልቅሶ አልቅሰውለታል። ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ ጴጥሮስን ከበው፣ በሕይወት ሳለች የሰፋችላቸውን ቀሚስና ልብስ እያሳዩ ያለቅሱ ነበር። ተዉ አላላቸውም። የእህትሽን ልብስ ማየት አልቻልኩም ብለሻል። አትቸኩይ፤ ሲቻልሽ ታዪዋለሽ። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ፣ ምግብም ከተዘጋብሽ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሪ። ይህን ለወጉ ያህል እንዳልኩት አትቁጠሪው።

ወደ ሌላ ልለፍ፣ ግን ከዚሁ ብዙም አልራቅንም። አንድ ሰው እናቱ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ካቆሙ ሁለት ሳምንት እንደሆናቸው ጽፏል። “ሐዋርያት ክኒን አልዋጡም፤ ደግሞ ምንም አላመመኝም” ይላሉ አሉ። “ሽማግሌ ልላክባቸው?”

ሽማግሌውን ተወውና ዛሬውኑ ሐኪማቸው ዘንድ ውሰዳቸው። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ “አላመመኝም” ማስረጃ አይሆንም። አንጎልና ልብ፣ ኩላሊትም የሚጎዱት በዝምታ ነው። መድኃኒቱን በስንት መጠን እንደገና እንደሚጀምሩ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ አንተም አይደለህም፣ እኔም አይደለሁም። ፊታቸው ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ እጃቸው ከዛለ፣ ንግግራቸው ከተኮላተፈ ወይም ደረታቸውን ከወጋቸው ቀጠሮ አትጠብቅ፤ በዚያው ደቂቃ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጥ።

ለእናትህ ደግሞ እንዲህ በልልኝ፦ እማማ፣ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱና ስለሚደጋገምበት ሕመም ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲጠጣ መክሮታል፤ ጸልይና ተወው አላለውም። “የተወደደው ባለ መድኃኒት” ያለው ሉቃስም የሥራ ጓደኛው ነበር። ጸሎቱንም ክኒኑንም አብረው ይያዙት።

የእርዳታ እህል የምታከፋፍል አንዲት አገልጋይ “ለራሳቸው ሰው ያደላሉ” የሚል ሐሜት አስመርሯት፣ “አሉባልተኞቹን በጉባኤ ፊት ልገሥጻቸው?” ትላለች።

አይ፣ መጀመሪያ ሐሜቱ እውነት እንደሆነ አጣሪ። በኢየሩሳሌም የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በየዕለቱ እደላ ተዘነጉ ተብሎ ሲንጎራጎር፣ ሐዋርያት አጉረምራሚዎቹን ዝም አላሰኙም። በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች አስመረጡ። የሰባቱን ስም ዝርዝር አንብቢው፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ እያለ ይሄዳል። ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ሥራው የተሰጠው ቅሬታ ካቀረበው ወገን ለሆኑ ሰዎች ነው ማለት ይቻላል። አንቺም ከሚያሙሽ መካከል ሁለት ጨዋ ሰዎች ጥሪና አብረውሽ ያከፋፍሉ። የተቀባዮቹ ዝርዝር በጽሑፍ ይያዝ፤ ስትሰጪ ብቻሽን አትሁኚ። ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያስልክ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ ሌሎች ሰዎች ከቲቶ ጋር እንዲሄዱ አድርጓል። እሱ ከተጠነቀቀ እኛማ!

በመጨረሻ፣ ሁለት ጓደኛሞች ጴጥሮስ ሚስት ነበረው አልነበረውም ብለው ተወራርደዋል።

ነበረችው። አማቱ በንዳድ ታማ እንደነበር ማርቆስ ምዕራፍ 1 ይነግረናል፣ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ኬፋ (ጴጥሮስ ራሱ ነው) ሚስቱን ይዞ እንደሚዞር ይጠቅሳል። ስሟ አልተጻፈም። በምን እንደተወራረዳችሁ አልጠይቅም።