ገና ያልበሰለን ተጫዋች ስለ መከታተል

ውድ ወጣቶች፣

ዋሽንግተን ናሽናልስ የተባለው የቤዝቦል ክለብ በማይነር ሊግ (ከዋናው፣ ከሜጀር ሊግ በታች ባሉት የማሳደጊያ ውድድሮች) የሚያሳድጋቸውን ተስፈኞች እንዴት እንደምከታተል ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። ከእናንተ መካከል ለደስታ ብቻ የምትከታተሉ አላችሁ፤ ስታቲስቲክስ ተምራችሁ በአንድ ክለብ ውስጥ ለመቀጠር የምትመኙም አላችሁ። ለሁለታችሁም የምሰጠው መልስ አንድ ስለሆነ፣ በየአጋጣሚው በቁንጽል ከምናገረው ይልቅ በጽሑፍ ላስቀምጠው ብዬ ተነሣሁ።

ሙያዬ የጤና ስታቲስቲክስ ነው። የሥራ ሕይወቴን የጀመርኩት ግን በወሎ፣ በአንዲት ጤና ጣቢያ ውስጥ ሕፃናትን በመመዘን ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ፤ ልጁን በተንጠልጣይ ሚዛን ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ክብደቱንም ከዕድሜው ትይዩ በእድገት መከታተያው ካርድ ላይ በነጥብ እናሰፍራለን። ያሠለጠኑን ነርስ አጥብቀው ይነግሩን የነበረው፣ ነጥቡ የት ላይ እንዳረፈ ብቻ አይታችሁ እናቲቱን አታስደንግጡ፣ አታዘናጉም፤ ካለፈው ወር ነጥብ ጋር አገናኙትና መስመሩ ወዴት እንደሚያመራ ተመልከቱ የሚል ነበር። ቀጭን ሆኖ ሳለ መስመሩ ሽቅብ የሚወጣ ልጅ አለ፤ ደንዳና ሆኖ ሳለ መስመሩ የተኛበት ልጅም አለ፣ ይበልጥ የሚያሳስበውም ይኸኛው ነው። ቡድኑ በ2005 (ዓመታቱንም ወራቱንም ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን መጥቶ የወጣቶቹን ውጤት በደብተር መያዝ ስጀምር፣ ዩኒቨርሲቲ ከተማርኩት ሁሉ ይልቅ የረዳኝ ያ ካርድ ነው።

ከሁሉ አስቀድማችሁ መሰላሉን እወቁ። ከ2021 ወዲህ ሠላሳዎቹ የሜጀር ሊግ ክለቦች እያንዳንዳቸው አራት አራት የማይነር ሊግ ቡድን አላቸው፤ በጠቅላላው 120 መሆኑ ነው። የናሽናልስ ወጣት ከፍሎሪዳው የሥልጠና ማዕከል ሲወጣ መጀመሪያ የሚመጣው እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ፍሬድሪክስበርግ ነው፤ ይህ ሲንግል ኤ ይባላል። ከዚያ ዴላዌር ውስጥ ወዳለችው ዊልሚንግተን፣ ከዚያም ደብል ኤ ወደሚጫወትባት ሃሪስበርግ፣ በመጨረሻም ትሪፕል ኤ ወዳለባት ሮቸስተር ይወጣል። ከእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ዳገቱ ሃሪስበርግ ላይ ነው። ሜዳው በሳስኩሃና ወንዝ መካከል ባለች ደሴት ላይ የተሠራ ያማረ ስፍራ ሲሆን፣ እዚያ የሚያጋጥሙት ወርዋሪዎች ግን ፈጣን ኳስ ብቻ አይወረውሩም። በታች ባሉት ሊጎች መቺውን በፍጥነት ብቻ የሚያሸንፍ ወርዋሪ ብዙ ነው፤ ደብል ኤ ላይ ያለው ደግሞ መቺው ፈጣን ኳስ በሚጠብቅበት ሰዓት ቀርፋፋውን፣ ቀጥተኛ በሚጠብቅበት ጊዜ የሚታጠፈውን ይሰጠዋል። ብዙ ተስፋ የተጣለባቸው ልጆች ሲሰናከሉ ያየሁት በዚህ ስፍራ ነው።

ደብተር ስትይዙ መጀመሪያ የሚፈትናችሁ ችኮላ ነው። አንድ ልጅ የውድድሩን ዘመን ጀምሮ በሃምሳ ሙከራ 15 ጊዜ ቢመታ የመምታት አማካዩ 0.300 ይሆናል፤ ተመልካቹም ይደነቃል። ነገር ግን ከአሥራ አምስቱ ሦስቱ ኳሶች አንድ እርምጃ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ አርፈው በተከላካይ ጓንት ውስጥ ቢገቡ ኖሮ አማካዩ 0.240 ነበር፣ ያው ተመልካችም ልጁ አልሆነም ባለ ነበር። መቺው የሠራው ሥራ በሁለቱም አንድ ነው። ስለዚህ የመምታት አማካይ ለመናገር የሚቸኩል፣ ለመታመን ግን ብዙ ጊዜ የሚፈልግ ቁጥር መሆኑን ልብ በሉ። ቀድመው እውነቱን የሚናገሩት ስትራይክ አውት (መቺው ሦስት ጊዜ ስቶ ወይም ጥሩ ኳስ አሳልፎ ሲወጣ) እና ዎክ (ከመምቻው ክልል ውጭ አራት ኳስ ተወርውሮለት በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ሲሄድ) ናቸው፤ የሚወሰኑት በወርዋሪውና በመቺው መካከል ስለሆነ የተከላካይ እግርና የሜዳ ሣር አይገባባቸውም። የሜዳውም ነገር መረሳት የለበትም። ሌላዋ የትሪፕል ኤ ከተማ አልበከርኪ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ያደግን ሰዎች በቀላሉ እንደምንረዳው አየሩ ሳስቶ ኳሱን ብዙም አይገታውም፣ ስለዚህ እዚያ የተመታ ሆምረን (ከሜዳው አጥር በላይ የሚወጣ ምት) እና ሮቸስተር ላይ የተመታ ሆምረን እኩል አይመዘኑም።

ዕድሜን ከደረጃው ጋር ሳታስተያዩ ምንም ዓይነት ፍርድ አትስጡ። ካርዱ ላይ ክብደቱ ብቻውን ትርጉም እንደማይሰጠው ሁሉ፣ 0.250 የሚመታ የ20 ዓመት ልጅና 0.250 የሚመታ የ25 ዓመት ሰው በአንድ ሊግ ውስጥ ቢሆኑም አንድ አይደሉም። እኔ ይህን እያወቅሁ፣ ለሌላውም እያስተማርኩ፣ ከባድ ስሕተት የሠራሁበትን ታሪክ ልንገራችሁ።

ናሽናልስ በነሐሴ 2022 ሁዋን ሶቶን ለሳን ዲየጎ አሳልፎ ሲሰጥ ከተቀበላቸው ወጣቶች አንዱ ጄምስ ዉድ ነበር። እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ያደገ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ፣ በ2021 ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) በሁለተኛው ዙር የተመረጠ ልጅ ነው። በ2023 ዊልሚንግተን ላይ ጥሩ ጀመረና ወደ ሃሪስበርግ ወጣ፤ እዚያም በ87 ጨዋታ 124 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆነ፤ አማካዩም 0.248 ነበር። ለመምታት ከቆመባቸው ሦስት ጊዜያት በአንዱ ስትራይክ አውት ሆኖ ይመለስ ነበር ማለት ነው። በዚያ መጸው ደብተሬ ላይ «ረጅም ክንድ፣ ኳስ የሚያሾልክ ሰፊ ክፍተት፤ ከዚህ ደረጃ በላይ ይቸገራል» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። ያን ጊዜ አብዛኞቹ የሊጉ ተጫዋቾች 23 እና 24 ዓመት የሞላቸው ሲሆኑ እርሱ ገና 20 ዓመቱ እንደነበረ እዚያው ገጽ ላይ በራሴ እጅ ተጽፏል። በዚሁ ዓመት በሁለቱ ደረጃዎች 26 ሆምረን መምታቱም ተጽፏል። ሁሉም ፊቴ ነበር፤ እኔ ግን አንዱን ነጥብ ይዤ መስመሩን ተውኩት። በቀጣዩ ዓመት ሮቸስተር ላይ በ52 ጨዋታ 0.353 መታ፤ የስትራይክ አውቱ ድርሻም በግማሽ ገደማ ቀነሰ፤ ሐምሌ 1 ቀን 2024 ዋሽንግተን ላይ የሜጀር ሊግ ጨዋታውን ጀመረ። ያን የተሰመረበት ዓረፍተ ነገር አልሰረዝኩትም። እናንተም የተሳሳታችሁትን አትሰርዙ፤ ቀኑን ጽፋችሁ ከጎኑ የተፈጸመውን አስፍሩ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወዴት እንደምታዘነብሉ ደብተሩ ራሱ ያሳያችኋል። የእኔ ደብተር ስትራይክ አውት በሚያበዛ ወጣት ላይ ያለ ልክ እንደምጨክን አሳይቶኛል።

ቁጥሩ የማያሳየው ደግሞ አለ፣ በዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ። ማይነር ሊግ ለማሸነፍ የተሠራ ውድድር አይደለም፤ ሰው ለማብሰል የተሠራ ነው። አንድ ወርዋሪ በፈጣን ኳሱ ሲንግል ኤ ላይ ያለውን መቺ ሁሉ ሊያሸንፍ ይችላል፤ አሠልጣኞቹ ግን ይህ ከፍ ብሎ እንደማያዋጣው ስለሚያውቁ፣ ለአንድ ወር ያህል ገና በደንብ ያልያዘውን ቼንጅአፕ (ፈጣን መስሎ የሚዘገየውን ኳስ) ደጋግሞ እንዲወረውር ያዙታል። በዚያ ወር ይመታል፣ ነጥብ ይቆጠርበታል፣ ከሩቅ ቁጥሩን የሚያይ ሰውም ልጁ ወደቀ ይላል። በእርግጥ ግን ከዓመቱ ሁሉ ብዙ የተማረበት ወር ያ ሊሆን ይችላል። የመቺም እንዲሁ ነው፤ አቋሙን ወይም የእጁን አነሣስ የለወጠ ልጅ አዲሱን እስኪለምደው ድረስ ከአሮጌውም ከአዲሱም ይጎድላል። ስለዚህ ውጤቱ ሲበላሽ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምን እየሠራ ነው የሚለውን ይሁን። ፍሬድሪክስበርግ ሄዳችሁ ከጨዋታው በፊት የሚደረገውን ልምምድ አንድ ሰዓት ብታዩ፣ የሰንጠረዥ ሳምንት የማይነግራችሁን ይነግራችኋል።

እንዴት ማየት እንዳለብኝ የተማርኩት በ2018 ነው። ያን ጊዜ ፍሬድሪክስበርግ ገና ቡድን አልነበራትም፤ ቡድኑ ፖቶማክ ናሽናልስ እየተባለ ዉድብሪጅ ላይ፣ አሮጌ የብረት መቀመጫ ባለው ሜዳ ይጫወት ነበር። በሚያዝያ መጨረሻ አካባቢ አንድ ምሽት፣ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ናሽናልስ ያሳደገውን የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ልጅ ሁዋን ሶቶን ለማየት ሄድኩ። የ19 ዓመት ልጅ ነበር፣ ያለፈውንም ዓመት ከጉዳት የተነሣ 32 ጨዋታ ብቻ ነበር የተጫወተው። አጠገቤ የፍጥነት መለኪያና የእጅ ሰዓት የያዙ አንድ አዛውንት መልማይ ተቀምጠዋል። ልጁ አንዱን ኳስ አጥብቆ ሲመታ እኔ ጻፍኩ፤ እርሳቸው አልጻፉም። ቀጥሎ ወርዋሪው ከክልሉ ውጭ በሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ የወጣ ዝቅ ያለ ኳስ ላከ። ሶቶ አልመታውም፤ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፣ ኳሱ ከመቺው ጀርባ በሚቀበለው በካቸሩ ጓንት ውስጥ እስኪገባ ድረስ በዐይኑ ሸኘው። አዛውንቱ ያን ጊዜ ብዕራቸውን አነሡ። ጨዋታው ሲያልቅ ምን እንደጻፉ ጠየቅኋቸው፤ ደብተራቸውን ሲያሳዩኝ ስለመታቸው ኳሶች ሁለት መስመር፣ ስላልመታቸው ኳሶች ግን ገጽ ሙሉ ተጽፎ አየሁ። ሶቶ በዚያ ዓመት ሃገርስታውን (ያን ጊዜ ከዉድብሪጅ በታች የነበረው ደረጃ) 16፣ ዉድብሪጅ 15፣ ሃሪስበርግ 8 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ በግንቦት ዋሽንግተን ገባ። በ39 ጨዋታ ሦስት ደረጃ መሻገር እጅግ ብርቅ ነው፣ የሌሎቹን ልጆች መንገድ በእርሱ መንገድ እንድትለኩት አልመክርም፤ እኔ ከዚያ ምሽት ወዲህ ግን መቺ ሳይ መጀመሪያ የማየው የሚተዋቸውን ኳሶች ነው።

ስለ ተስፈኞች ስም ዝርዝርና ስለ ደረጃ አሰጣጥ ብዙ አልጽፍም። በ2013 ድራፍት ከሁሉ ቀድሞ የተመረጠው ማርክ አፔል ከጉዳትና ከድካም የተነሣ በ2018 ጨዋታውን አቋርጦ፣ በ2021 ተመልሶ፣ በ2022 በ30 ዓመቱ ለፊላደልፊያ ሜጀር ሊግ ላይ መወርወሩን ማወቅ ይበቃል። በዚያው ድራፍት 32ኛ የተመረጠው አሮን ጀጅ ደግሞ በ2016 ኒው ዮርክ ሲገባ ከ84 ሙከራ 42 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆኖ 0.179 መታ፤ በቀጣዩ ዓመት 52 ሆምረን መትቶ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። የአፔልን ታሪክ አንዳንዶች እንደ ውድቀት ሲያወሩት እሰማለሁ፣ እኔም አዝናለሁ። ሦስት ዓመት ርቆ የተመለሰ ሰው ሥራውን ስንት ቢወደው ነው?

ይህን የማነሣው ስለ ልጆቹ ኑሮ ልነግራችሁ ስለምፈልግ ነው። ብዙዎቹ በ17 እና በ18 ዓመታቸው ቋንቋውን የማያውቁት አገር ገብተው፣ ከእናት ቤት ርቀው፣ በአውቶቡስ ሌሊት እየተጓዙ የሚጫወቱ ናቸው። እኛ ስደተኞች የሆንን ሰዎች ይህን ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። እስከ 2022 ድረስ በሲንግል ኤ ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ 11,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ተጫዋቾቹ በማኅበር ከተደራጁ በኋላ በ2023 በተፈረመው ስምምነት ወደ 26,200 ከፍ ብሏል። ስለዚህ የ2015ን አንድ ገጽ ገልጣችሁ የነሐሴ ወር ውጤቱ የተዳከመ ልጅ ስታገኙ፣ አራት ሆነው በአንድ ክፍል ውስጥ ይተኙ እንደነበርና የሚበሉት ምን እንደነበር ለማሰብ ሞክሩ። በጤና ጣቢያው የአንድ ልጅ መስመር ሲያዘቀዝቅ ነርሷ ቀድመው የሚጠይቁት ቤት ውስጥ ምን እንደተበላ ነበር።

ስለ ዉድ ገጽ ደግሞ ጠይቃችሁኛል። በ2025 ዋሽንግተን ላይ 31 ሆምረን መትቶ ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ፤ በዚያው ዓመት 221 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆነ። ሃሪስበርግ ላይ ያየሁት ክፍተት ሮቸስተር ላይ ጠብቦ፣ ከፍ ባለው ደረጃ እንደገና ተከፈተ ማለት ነው። ይህን ጽፌያለሁ፤ ከሥሩ ግን አላሰመርኩም፤ ቀጣዮቹን ሁለት ገጾችም ባዶ ትቼለታለሁ።

በሚያዝያ ፍሬድሪክስበርግ ላይ ጨዋታ ሲጀመር በሦስተኛው ቤዝ በኩል፣ የግራ እጅ መቺዎች ፊት በሚታይበት ወገን ታገኙኛላችሁ። ከጨዋታው አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ፣ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ።