የጀልባው መጸዳጃ ውሃ ሲመልስ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ እንግዳ የሚያመላልሱ አንድ የጀልባ ባለቤት «በእጅ ፓምፕ የሚሠራው መጸዳጃዬ አርጅቷል፤ ገፍቼ ካስወጣሁ በኋላ ውሃ ተመልሶ ይሞላል፣ እጀታውም ከብዷል። በአዲስ ልተካው?» ሲሉ ጠይቀውኛል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የሚመለሰውን ውሃ ይዩት። ሳህኑን ባዶ ያድርጉ፣ ማርሹን ውሃ ማስገቢያውን ወደሚዘጋው «ደረቅ» ያዙሩትና ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ።

የተመለሰው ቆሻሻ ከሆነ ጥፋቱ የፓምፑ መውጫ ላይ ያለው ባለ ከንፈር ጎማ ነው። ፍሳሹ ሲያልፍ ይከፈትና ወዲያው መግጠም ነበረበት፤ ሲያረጅ ግን ይደርቅና ከንፈሩ ገርበብ ብሎ ይቀራል። በቱቦው ውስጥ የቀረውም ወደ ሳህኑ ይወርዳል። ጎማውን ብቻ ይቀይሩ።

ንጹሕ የሐይቅ ውሃ ከሆነ ግን አደጋ አለው። ሳህኑ ከሐይቁ ውሃ ገጽ በታች ከተቀመጠና የማስገቢያው ቫልቭ ካልያዘ፣ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ራሱን እየሳበ ይገባል፤ ወደብ ላይ የታሰረች ጀልባ በዚህ ምክንያት ልትሰጥም ትችላለች። ስለዚህ የጀልባዋ ወለል ላይ ያሉትን የማስገቢያውንና የመውጫውን መዝጊያዎች ከጉዞ በኋላ ሁልጊዜ ይዝጉ። ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊትም እንዲሁ።

እጀታው የሚከብደው ብዙ ጊዜ በደለል ነው። በክረምት ግልገል አባይና ጉማራ የሚያመጡት ጭቃ የፒስተኑን ቀለበት ጎማ ይበላዋል። ፈትተው ያጥቡት፣ ቀለበቱን ይቀይሩ፣ የሲሊኮን ግሪስ ይቀቡት፤ የሞተር ግሪስ ብዙዎቹን ጎማዎች ያሳብጣል።

የፓምፑ ሲሊንደር ተሰንጥቆ ወይም ተቦርቡሮ ከሆነ ግን ጎማ መቀየር ድካም ብቻ ነው፤ ሙሉውን ይተኩት። የመሠረቱን ቡሎኖች ርቀት ለክተው ይግዙ። ማስገቢያው ብዙ ጊዜ 19፣ መውጫው 38 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌውን ቱቦ በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጠቅልለው ጨርቁን ያሽትቱት፤ ከሸተተ ሽታው ላስቲኩን ዘልቆታልና አብሮ ይቀየር። ማስገቢያው ቱቦ ከሐይቁ ውሃ ገጽ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታጠፍ፤ አናቱ ላይም አየር የሚያስገባ ቫልቭ ይኑረው።

መውጫውን ግን እባክዎ እንደ ድሮው ወደ ሐይቁ አይመልሱት። ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ በታንኳ የሚቀዝፈው ዓሣ አጥማጅም ይህንኑ ውሃ ይጠጣል። ፍሳሹን ወደ ታንከር ያስገቡ። ለአንድ አጠቃቀም 3 ሊትር ቢያስቡ፣ 20 መንገደኛ 60 ሊትር ይሞላልዎታል፤ ወደብ ላይ በፍሳሽ መምጠጫ መኪና ይወጣል። የታንከሩ መተንፈሻ ወደ ውጭ ይውጣ፣ አለበለዚያ እንግዳዎ መቀመጫው ላይ አይቆይም።

ከገጠሙ በኋላ በየመጋጠሚያው ሁለት ሁለት የማይዝግ ማሰሪያ ይጥበቅ። መዝጊያዎቹን ከፍተው ደጋግመው ያፍስሱ፤ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ወረቀት ጠርገው እርጥበት እስኪጠፋ ድረስ ጀልባዋን ትተው አይሂዱ።