ጂን «ይገለጻል» ወይስ «ይገለጣል»?

ጥያቄ፦ ስለ ጡንቻ ሕዋስ አፈጣጠር በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። «ማዮዲ የተባለው ፕሮቲን የጡንቻ ጂኖችን ይቆጣጠራል፤ ጂኖቹም ይገለጻሉ» ብዬ ነበር። ጓደኛዬ «ይገለጣሉ» በል አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ናቸው።

በዛሬው አማርኛ «ገለጸ» ማለት አስረዳ፣ አብራራ ነው። ባለሥልጣን መግለጫ ሲሰጥ «ገለጹ» እንላለን። «ገለጠ» ግን የተሸፈነውን ከፈተ ማለት ነው። መጽሐፍ ይገለጣል፤ ብርድ ልብስ ይገለጣል። ጂን ለማንም ምንም አያስረዳም። ተሸፍኖ ይቆይና ሲገለጥ ሥራ ይጀምራል።

ይህን የምለው ለቃሉ ውበት ብቻ አይደለም። ጂኖች የሚገኙበት ዲኤንኤ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ፣ ፈትል በእንዝርት ላይ እንደሚጠቀለል፣ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። ጥብቅ ብሎ በተጠቀለለበት ቦታ ያለ ጂን አይነበብም። ማዮዲ ቦታውን ፈልጎ ይይዛል፤ ሌሎች ፕሮቲኖችንም ይጠራል። ያኔ ጥቅልሉ ይላላል። ቃሉና ነገሩ እንዲህ ሲገጥሙ ደስ ይለኛል።

ጓደኛዎ ያላነሱት «ይቆጣጠራል» ግን ቅር ይለኛል። ስህተት አይደለም፤ ነገር ግን ሥራውን ያደበዝዘዋል። ተቆጣጣሪ ሲባል የሚታየን ቆሞ የሚፈትሽ ሰው ነው። ማዮዲ ግን ቀስቃሽ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሲያትል ውስጥ እነ ሃሮልድ ዋይንትራብ የተባሉ ተመራማሪዎች የማዮዲን ጂን ፋይብሮብላስት በሚባሉ የአይጥ ሕዋሳት ውስጥ አስገቡ። ጡንቻ ያልነበሩት ሕዋሳት የጡንቻ ሕዋስ ወደ መሆን ዞሩ። በአንድ ጂን! ለዚህ «ይቀሰቅሳል» የተሻለ ነው።

ተቃራኒ ሥራም አለ። ማዮዲ እንደ እርሻ በሬ ነው፤ ከሌላ ፕሮቲን ጋር ተጠምዶ ነው ዲኤንኤውን በደንብ የሚይዘው። «አይዲ» የሚባል ፕሮቲን ደግሞ ያንን ጥማዱን ይወስድበታል። ሕዋሱም ጡንቻ ከመሆን ይዘገያል። እዚህ ላይ «ይገታል» ይበሉ። መቀስቀሱንም መግታቱንም በአንድ ቃል መጥራት ሲፈልጉ ብቻ «ይቆጣጠራል» ይጠቀሙ።

እንግዲህ ዓረፍተ ነገርዎ «ማዮዲ የተባለው ፕሮቲን የጡንቻ ጂኖችን ይቀሰቅሳል፤ ጂኖቹም ይገለጣሉ» ይሁን። ስም ሲያደርጉትም «የጂን መገለጥ» እንጂ «የጂን መግለጫ» አይበሉ። «መግለጫ» ካሉ አንባቢ ስለ ጂን የተሰጠ ማብራሪያ ይመስለዋል።