ሐኪሙ የማይናገረውን መቁጠር

ጥያቄ፦ ኔዘርላንድስ ዩታኔዥያን (ሐኪም በታካሚው ጥያቄ ሕይወቱን ማቋረጡን) በሕግ ከመፍቀዷ በፊትም ድርጊቱ በጥናት ይቆጠር እንደነበር አንብቤያለሁ። በወንጀል የሚያስጠይቅ ድርጊት የፈጸመ ሐኪም ለተመራማሪ እውነቱን ይናገራል? ቁጥሩስ ምን ያህል ይታመናል?
የሕግ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሐኪሙ የሚናገረው፣ በመናገሩ የሚደርስበት ነገር እንደሌለ ሲያምን ነው። ሕጉ በ2002 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ከመዋሉ ከ12 ዓመት በፊት፣ በፖል ቫን ደር ማስ የተመራው ቡድን መንግሥት ስለ ዩታኔዥያ አሠራር እንዲያጣራ ላቋቋመው የሬመሊንክ ኮሚሽን ጥናት ሲጀምር፣ ሐኪሞችን ፊት ለፊት ከማነጋገር ባሻገር ከሞት ምስክር ወረቀቶች ናሙና አውጥቶ ለሚመለከታቸው ሐኪሞች መጠይቅ በፖስታ ላከ፤ መልሱም ከሟቹም ሆነ ከሐኪሙ ስም ጋር እንዳይገናኝ ተደረገ። የፍትሕ ሚኒስትሩ ደግሞ ለጥናቱ በተሰጠ መረጃ ማንም እንደማይከሰስ ዋስትና ሰጡ።

ለእኔ ግን ከዋስትናው ይልቅ የሚያስደንቀው የመጠይቁ አቀራረብ ነው። «ዩታኔዥያ ፈጽመዋል?» ብሎ አይጠይቅም። መድኃኒት ተሰጥቶ እንደሆነ፣ የተሰጠበት ዓላማ ምን እንደነበር፣ ታካሚው በግልጽ ጠይቆ እንደሆነ ለየብቻ ይጠይቃል፤ ለድርጊቱ ስም የሚሰጠው ሐኪሙ ሳይሆን ተመራማሪው ነው። ከሞቶቹ 0.8 በመቶ ያህሉ ሕይወት ያለታካሚው ግልጽ ጥያቄ የተቋረጠባቸው መሆናቸው የታወቀውና ለዓመታት ያከራከረው በዚህ መንገድ ነው።

ይኸው ብልሃት ግን የራሱ ጣጣ አለው። ጥናቱ በየጥቂት ዓመቱ ሲደገም፣ በጥናቱ ዩታኔዥያ ተብለው ከተቆጠሩት ድርጊቶች ሐኪሞች ለሚመለከተው አካል ያሳወቁት በ1990 ከነበረበት 18 በመቶ በ2005 ወደ 80 በመቶ ደርሷል። ቀሪው ሁሉ ሆን ተብሎ ተደብቋል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ አብዛኛው፣ ሐኪሙ ሕመም አስታገሥሁ ብሎ ያሰበው፣ ተመራማሪው ግን በመልሶቹ መሠረት ዩታኔዥያ ብሎ የመደበው ነው።

ዓላማን የሚመሰክረው አንድ ሰው ብቻ፣ ያውም ነገሩ ካለፈ በኋላ መሆኑ የዘዴው ትልቁ ድክመት ነው። ታካሚ ሐኪም ባዘዘለት መድኃኒት ሕይወቱን እንዲያበቃ የሚፈቅድ ሕግ በ1997 ሥራ ላይ በዋለባት በአሜሪካዋ ኦሪገን የሚወጣው ዓመታዊ ሪፖርትም የታካሚዎችን ምክንያት የሚዘረዝረው ሐኪሞች በሞሉት ቅጽ ላይ ተመሥርቶ ነው። በጽሑፍዎ ሲጠቅሱት «ታካሚዎች እንዳሉት» ሳይሆን «ሐኪሞች እንደዘገቡት» ብለው ይጻፉ።