ለሁለት ሰው በተመደበ ቀበሌ ብቻሽን ከመግባትሽ በፊት

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ የጤና ኤክስቴንሽን ደረጃ 4 ሥልጠናሽን ልትጨርሺ ነው፤ ልትመደቢበት የታሰበው ቀበሌ ላይ ከሁለቱ ባለሙያዎች አንዷ ለቅቃለች፣ ሌላዋ የወሊድ ፈቃድ ልትወጣ ነው። «ልግባበት ወይስ ልተወው?» ብለሻል።

እህቴ፣ ግቢ ባይ ነኝ። ግን አስቀድመሽ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ጠይቂ። ክፍት መደቡ በጀት ተይዞለታል? ተይዞለት ከሆነ ማስታወቂያ መውጣቱ አይቀርም፤ ካልተያዘለት ግን ቢያንስ አዲሱ በጀት ዓመት እስኪገባ፣ ማለትም እስከ ሐምሌ ድረስ ሰው አትጠብቂ። የባልደረባሽ ፈቃድ ደግሞ 120 ቀን ነው። የአባወራውን ቁጥር፣ ሩቁ ጎጥ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ማደሪያ መኖሩንም እዚያው አጣሪ።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው ለ5,000 ሕዝብ ወይም ለ1,000 አባወራ ገደማ ሁለት ባለሙያ እንዲኖር ነው። አሁን ብቻሽን አስቢው። በወር 22 የሥራ ቀን ቢኖርሽ ግማሹ በጤና ኬላ፣ በስብሰባና በሪፖርት ያልቃል። በቀሪው 11 ቀን፣ በቀን 8 ቤት ብታዳርሺ 88 ቤት ነው። ሁሉንም ቤት አንድ ጊዜ ለማዳረስ ብቻ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ብዙዎቹን የሚጥላቸው ይህ ነው፤ ሁሉንም እኩል ልጎብኝ ይሉና የምትወልደዋን ሳያዩ ያልፏታል።

ስለዚህ ቤቶቹን በተራ ሳይሆን በአስቸኳይነት ለዪ። እንዲህ ባለ ቀበሌ በወር 13 ያህል ልደት ይጠበቃል። እያንዳንዷን አራስ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ብታያት 39 ጉብኝት ሄደ። የቀረውን ለነፍሰ ጡሮች፣ ክትባት ላቋረጡ ሕፃናት፣ የክንዳቸው ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ለሆኑ (ማለትም በከባድ የምግብ እጥረት ለተጎዱ) ልጆችና መድኃኒት ላይ ላሉ የቲቢ ታካሚዎች አውዪው። መጸዳጃ ቤት ቆጠራ ይቆያል።

ለዚህ ዋናው መሣሪያሽ ቲክለር ሳጥኑ ነው፤ ካርዶች በቀጠሮ ወራቸው ተለይተው የሚቀመጡበት ባለ ክፍል ሳጥን ማለት ነው። የእናቲቱን ወይም የሕፃኑን ካርድ አገልግሎት ከሰጠሽ በኋላ ወደ ቀጣዩ ቀጠሮ ወር ክፍል ታዛውሪዋለሽ። ወሩ ሲያልቅ በዚያው ወር ክፍል የቀረው ካርድ ሁሉ የጠፋ ሰው ነው፤ የሚቀጥለው ሳምንት የቤት ለቤት ዝርዝርሽ ተዘጋጀ ማለት ነው። ካርዱን «በኋላ አዛውረዋለሁ» ካልሽ ግን የመጡትና ያልመጡት ይደባለቁብሻል፣ ሳጥኑም ዋጋ ያጣል።

ጤና ኬላው የሚከፈትባቸውን ቀናት ወስነሽ በር ላይ ለጥፊ፤ ሰው በከንቱ ተመላልሶ ከቀረ አይመለስም። ከሴቶች ልማት ቡድን መሪዎች አንድ ነገር ብቻ ለምኚ፦ እርግዝናና ልደትን በዕለቱ በስልክ እንዲነግሩሽ። ደመወዝ የላቸውም፤ ሥራ በተደራረበባቸው ቁጥር ሁሉንም ይተዉታል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እንደ ክትባት ያለ ዘመቻ ሳምንት ይበላብሻል፣ በወሩ መጨረሻ ግን የጉብኝት ዕቅድሽ እንዳለ ይጠየቃል። ያኔ ያልሄድሽበትን ቤት «ተጎብኝቷል» ብለሽ መሙላት ያምርሻል፤ ሱፐርቫይዘሩም ላይጠይቅሽ ይችላል። ነውርነቱን ተዪው፣ ጉዳቱ ራስሽ ላይ ነው፦ ብቻዋን ሆና መቶ በመቶ ለምታሳካ ባለሙያ ማን ሁለተኛ ሰው ይቀጥርላታል? 88 ከሆነ 88 ብለሽ ጻፊ።

«ሥራ በዝቶብኛል» የሚል የቃል አቤቱታ ደግሞ ስብሰባው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። በአንድ ገጽ የአባወራውን ብዛት፣ የወሩን ልደት፣ ያየሻቸውንና ያላየሻቸውን አራሶች ቁጥር፣ ዘመቻ የወሰደውን ቀን ጻፊ። ለጤና ጣቢያው ኃላፊ አድርጊውና ለወረዳው ግልባጭ ላኪ፤ መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጥተሽ ቅጂውን ያዢ። ጤና ጣቢያው በሥሩ ካሉት ኬላዎች ወይም ከራሱ ነርሶች በሳምንት አንድ ቀን ሰው እንዲያውስሽም እዚያው ላይ በግልጽ ጠይቂ። በጀት ከመዘጋጀቱ በፊት ከደረሰ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ከሐምሌ በኋላ ከሆነ መልሱ «ለሚቀጥለው ዓመት» ነው የሚሆነው።